የተያዘ መንጠቆ ሲያስቸግር ክርን ያለ ጉዳት መበጠስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ይዋል ይደር እንጂ መንጠቆው ከድንጋይ ሥር፣ ከሰመጠ ግንድ ወይም ከውኃ ሣር ጋር ተጠላልፎ አልላቀቅ የሚልበት ቀን ይመጣል። ጉዳቱ በአንድ መንጠቆ ብቻ መቅረቱ ወይም ዘንግ ተሰብሮ፣ ማጠንጠኛ (ክሩ የሚጠቀለልበት መሣሪያ) ተበላሽቶ፣ አንዳንዴም ዓይን ተጎድቶ ማለቁ የሚወሰነው በሚቀጥሉት ጥቂት ደቂቃዎች በሚደረገው ነገር ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ የቆሙት በአንድ መሠረት ላይ ነው፦ ክሩን ለመበጠስ የሚያስፈልገው ጉልበት በዘንጉም በማጠንጠኛውም ላይ ማለፍ የለበትም፤ ክሩም መበጠስ ያለበት በተቻለ መጠን ከመንጠቆው አጠገብ ነው።

መንጠቆው እንደተያዘ ሳውቅ በመጀመሪያ ምን ላድርግ?

ከመጎተት ይቆጠቡ። ብዙ ጊዜ መንጠቆውን በደንብ የሚያስቀረው እንቅፋቱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድንገተኛ ጉተታ ነው። የመንጠቆው ጫፍ ግንዱን ገና ነካ አድርጎት ሳለ በኃይል ሲጎተት ወደ ኋላ እስከተቀለበሰው እሾሁ ድረስ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፤ በድንጋይ ስንጥቅ አፍ ላይ ያረፈ እርሳስም (ክሩን ወደ ታች የሚያሰምጠው ክብደት) እንደ ሽብልቅ ጠልቆ ይቀረቀራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በችኮላ የተደረገ አንድ ጉተታ በቀላሉ ይላቀቅ የነበረውን ነገር ጨርሶ የማይላቀቅ ያደርገዋል።

ስለዚህ ክሩን በቅድሚያ ያላሉት፤ ከዚያም የዘንጉን ጫፍ በትንሹ ነቅነቅ ያድርጉ። ክሩ ሲላላ የእርሳሱ ወይም የማባበያው (ዓሣ ለመሳብ ክሩ ጫፍ ላይ የሚደረገው ነገር) ክብደት ራሱ መንጠቆውን ወደ ታች ስቦ ሊያስለቅቀው ይችላል። ወራጅ ውኃ ላይ ከሆኑ ጥቂት ሜትር ክር ይልቀቁና ይጠብቁ፤ ውኃው የላላውን ክር ከእንቅፋቱ አልፎ ወደ ታች ሲወስደው፣ ክሩ እንደገና ሲወጠር ስበቱ የሚመጣው ከተቃራኒው አቅጣጫ ይሆናል።

ይህ ካልሠራ አቅጣጫ ይቀይሩ። መንጠቆው የገባበት መንገድ ብዙውን ጊዜ የሚወጣበትም መንገድ ነው፤ ስለዚህ በዳርቻው ላይ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሃያና ሠላሳ እርምጃ ሄዶ በቀስታ መሞከር ቆሞ ከመታገል የበለጠ ውጤት አለው። ሌላው ጠቃሚ ዘዴ እንደ ደጋን ጅማት ማስፈንጠር ነው፦ ዘንጉን በአንድ እጅ ይዘው ክሩን በመጠኑ ይወጥሩት፤ በማጠንጠኛውና በዘንጉ ላይ ክሩ በሚያልፍበት በመጀመሪያው ቀለበት መካከል ያለውን ክር በሁለት ጣት ወደ ጎን ይሳቡትና በድንገት ይልቀቁት። የሚፈጠረው አጭር ንዝረት በክሩ ላይ ተጉዞ መንጠቆውን ወደ ኋላ ነጥቆ ሊያስለቅቀው ይችላል። በሰው ሠራሽ ማባበያ የሚያጠምዱ ሰዎች ደግሞ በክሩ ላይ እየተንሸራተተ ወርዶ ማባበያውን የሚያንኳኳ ከባድ ማስለቀቂያ ይይዛሉ፤ ውድ ማባበያ ለሚጠቀም ሰው ይህ ዕቃ ዋጋውን በአጭር ጊዜ ውስጥ ይመልሳል።

እነዚህን ሁሉ ሞክረው አሥር ደቂቃ ያህል ካለፈና ምንም ለውጥ ከሌለ፣ መበጠስን በጊዜ መወሰን ይሻላል። እልህ ውስጥ የገባ ሰው ጥንቃቄ ይጎድለዋል።

ዘንጉን ወደ ላይ አንሥቼ ብጎትት ምን ችግር አለው?

ችግሩ ዘንግ የተሠራው ለሌላ ዓላማ መሆኑ ነው። ዘንግ ጎብጦ የዓሣን ግፊት የሚያለዝብ መሣሪያ እንጂ የማይንቀሳቀስን ነገር የሚነቅል ምሳር አይደለም። የማጠንጠኛው ፍሬን፣ ማለትም ዓሣ በኃይል ሲጎትት ክሩን እያዘገየ የሚለቀው ክፍል፣ በተለምዶ የሚስተካከለው ከክሩ የመበጠሻ ጥንካሬ ሩብ እስከ ሲሶ በሚሆን ኃይል እንዲለቅ ተደርጎ ነው። 9 ኪሎ ግራም የሚችል ክር ያለው ሰው ፍሬኑን 3 ኪሎ ግራም አካባቢ ላይ ቢያደርገው፣ ትልቅ ዓሣ ሲጎትት እንኳ ዘንጉ ላይ የሚያርፈው ጫና ከዚያ ብዙም አያልፍም። ያንኑ ክር ለመበጠስ ግን ከዚያ ሦስት እጥፍ የሚሆን ኃይል ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በጎበጠ ዘንግ ላይ መጫን ዘንጉ ከተሠራበት መጠን እጅግ የራቀ ነገር መጠየቅ ነው።

ዘንጉ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ በቆመ መጠን ችግሩ ይባባሳል። በዚህ ጊዜ ጫናው ወፍራም ከሆነው ከታችኛው ክፍል ይልቅ ቀጭን በሆነው በጫፉ ላይ ይከማቻል፤ የካርቦን ፋይበር ዘንግም ጠንካራና ቀላል ቢሆንም ከልኩ በላይ ሲጎብጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ድንገት ይሰበራል። ያን ቀን ባይሰበር እንኳ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊይዝና ከሳምንታት በኋላ በትንሽ ዓሣ ሊሰበር ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ጥፋቱን በፋብሪካው ላይ ያሳብባል። ከዚህም በላይ ክሩ ድንገት ሲበጠስ የጎበጠው ዘንግ በኃይል ወደ ኋላ ይፈነጠራል፤ የጫፉ ቀለበት ወይም በውስጡ ያለው የሴራሚክ ሽፋን የሚሰነጠቀውም እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ዘንጉን በክሩ አቅጣጫ አቅንቼ ማጠንጠኛውን አጥብቄ ብይዝስ?

ይህ በብዙ ቦታ የሚሰጥ ምክር ነው፤ ግማሹ ትክክል ነው። ዘንጉ ከክሩ ጋር በአንድ መስመር ሲሆን አይጎብጥም፣ ስለዚህም አይሰበርም። ጫናው ግን አልጠፋም፤ ከዘንጉ ተነሥቶ ወደ ማጠንጠኛው ተዛወረ እንጂ። ፍሬኑን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው የክሩን ሙሉ የመበጠሻ ኃይል የሚጭነው በማጠንጠኛው ዘንግ፣ በማርሾቹ ጥርስ፣ እጀታው ወደ ኋላ እንዳይዞር በሚከለክለው ክፍልና ክሩ በሚያልፍበት ትንሽ ተሽከርካሪ ላይ ነው። እነዚህ ክፍሎች በአንድ ጊዜ አይሰበሩም፤ ቀስ በቀስ እየላሉ ሄደው እጀታው ሲዞር መንገራገጭ ይጀምራል።

ክሩ የተጠቀለለበትን ከበሮ በመዳፍ ጨምቆ መያዝ ማርሾቹን ከጫና ያድናል፤ ነገር ግን የላይኛው ክር በታችኞቹ ጥቅሎች መካከል ሰርስሮ እንዲገባ ያደርገዋል። ጉንጉን ክር (ከብዙ ቀጫጭን ጭረቶች የተጎነጎነ ክር) ከሆነ ይህ በጣም የከፋ ነው፤ ቀጣዩ ውርወራ ላይ ክሩ በመካከል ተይዞ ሊቆም፣ ማባበያውም በአየር ላይ ሳለ ተበጥሶ ሊሄድ ይችላል። በሁለትና በሦስት ክፍል የሚገጣጠም ዘንግ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስታውስ፦ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሳለ ደጋግሞ መንጨቅ መገጣጠሚያውን ያላላዋል፤ የጫፉ ክፍልም ተላቆ በክሩ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ውኃው ሊወርድ ይችላል።

ቀጭን ክር፣ ለምሳሌ 2 ወይም 3 ኪሎ ግራም የሚችል ናይለን ሲሆን፣ ዘንጉን አቅንቶ ከበሮውን በቀስታ ይዞ መበጠስ ብዙ ጉዳት አያመጣም። ክሩ በወፈረ ቁጥር ግን ይህን መንገድ መተው ይገባል።

ታዲያ ትክክለኛው አበጣጠስ እንዴት ነው?

የሚያስፈልገው ዕቃ አጭር ዱላ ብቻ ነው፦ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ውፍረቱ መጥረጊያ እጀታ የሚያህል፣ ስንጥርና ስለታም ጠርዝ የሌለው ድቡልቡል እንጨት። ክሩ እንዳይንሸራተት ከላዩ ላይ የላስቲክ ቱቦ ወይም ጨርቅ ቢጠመጠምበት ይሻላል። ይህ እንጨት ከመንጠቆዎቹ ሣጥን ጎን ሁልጊዜ መቀመጥ አለበት፤ ዳርቻ ላይ የተገኘ ደረቅ ቅርንጫፍ በጭንቅ ጊዜ ያገለግላል፣ ነገር ግን ሻካራ ቅርፊቱ ክሩን ይፍቀዋል።

መጀመሪያ ፍሬኑን ያላሉት ወይም ክሩን የሚይዘውን የሽቦ ቅስት ይክፈቱና ከዘንጉ ጫፍ ሁለት ሦስት ሜትር ክር እንዲወጣ ያድርጉ። ዘንጉን ሰው በማይረግጠው ቦታ ያስቀምጡት፤ አብሮዎት ሰው ካለ ይያዝልዎ። ከዚያም ወደ ውኃው ከሚሄደው ክር ላይ እንጨቱን አስጠግተው ስድስት ሰባት ጊዜ ያህል ይጠምጥሙ። ጉንጉን ክር አንሸራታች ስለሆነ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ መጠምጠም ያስፈልገዋል። ጥምጥሞቹ ጎን ለጎን ይደርደሩ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይደራረብ፤ የተደራረበ ክር ሲወጠር ራሱን በራሱ ይቆርጣል። ከመጎተትዎ በፊት ዞር ብለው አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ በእንጨቱና በዘንጉ መካከል ያለው ክር ላላ ብሎ መሬት ላይ ተኝቷል ወይ? ከተኛ፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ኃይል ሁሉ በእንጨቱ ላይ ይቀራል፤ ዘንጉም ማጠንጠኛውም ከጉዳዩ ወጥተዋል ማለት ነው።

አሁን እንጨቱን በሁለት እጅ፣ ክሩ በሁለቱ እጆች መካከል እንዲሆን አድርገው ከወገብ ዝቅ አድርገው ይያዙ። ከኋላዎ ያለውን መሬት አስቀድመው ይመልከቱ። አንድ እግር ወደ ፊት፣ አንድ እግር ወደ ኋላ አድርገው ቆመው በዝግታና ሳያቋርጡ ጫናውን እየጨመሩ ወደ ኋላ ይሂዱ። መንጨቅ አያስፈልግም። የማያቋርጥ ስበት ደካማውን ቦታ፣ ማለትም ከመንጠቆው አጠገብ ያለውን ቋጠሮ፣ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ድንገተኛ ንጭቅ ግን ክሩ ተፍቆ ከሳሳበት ከየትኛውም ቦታ ሊበጥሰው ይችላል። ብዙ ጊዜም ክሩ ሊበጠስ ሲቃረብ መንጠቆው ራሱ ተላቅቆ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ነው የሚቀጥለው ጥያቄ መልስ የሚያስፈልገው።

እርሳሱ ወይም ማባበያው ተመልሶ እንዳይመታኝ ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ በቁም ነገር መያዝ ይገባል፤ ዘንግ በገንዘብ ይተካል፣ ዓይን አይተካም። ናይለን ክር ከመበጠሱ በፊት ከርዝመቱ 20 በመቶና ከዚያም በላይ ሊለጠጥ ይችላል። ውኃ ውስጥ 30 ሜትር ክር ያለው ሰው ሲጎትት ክሩ እስከ 6 ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የታመቀ ጉልበት ነው። መንጠቆው ድንገት ሲላቀቅ ያ ጉልበት በጫፉ ላይ ያለውን እርሳስ ይዞ በመጣበት መስመር ይመለሳል፤ መስመሩ ደግሞ የሚያበቃው ጎታቹ ዘንድ ነው። በዚህ ዓይነት ተመልሶ የመጣ እርሳስ የብዙ ሰው ዓይን አጥፍቷል፤ ሕይወት ያለፈበት ጊዜም አለ።

መከላከያው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የማይሰበር መነጽርና ኮፍያ ያድርጉ፤ የፀሐይ መነጽርም ከምንም ይሻላል። ሁለተኛ፣ ጎንዎን ለውኃው ሰጥተው ፊትዎን ከክሩ መስመር ያዙሩ፤ ይበጠስ አይበጠስ ለማየት አሻግሮ ማየት የሚያጓጓ ቢሆንም አይመልከቱ። ሦስተኛ፣ ክሩን ዝቅ አድርገው ይሳቡ። ክሩ ዝቅ ብሎ ወደ ውኃው በገባ መጠን ተመላሹ እርሳስ ረጅሙን መንገድ በውኃ ውስጥ ስለሚመጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ከፍ ካለ ቦታ ሲጎተት ግን ቶሎ ወደ አየር ይወጣል። በተለይ እንቅፋቱ ቅርብ ከሆነና ከውኃው በላይ ከሆነ፣ ምንም የሚያቀዘቅዘው ነገር የለምና አይጎትቱት።

በአካባቢው ያሉ ሰዎች፣ በተለይም ልጆች፣ ከክሩ መስመር ፊትና ኋላ ዞር እንዲሉ ማድረግ የጎታቹ ኃላፊነት ነው። መንጠቆ ዓይን አካባቢ ከተሰካ ለማውጣት አይሞክሩ፤ ሳይጫኑት ሸፍነው በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ክሩን እጄ ላይ ጠምጥሜ ብጎትትስ?

በፍጹም አይሞክሩት። ጉንጉን ክር የሚሠራው እጅግ ጠንካራ ከሆነ የፖሊኤቲሊን ጭረት ነው፤ 15 ኪሎ ግራም የሚችለው ክር ከስፌት ክር ብዙም አይወፍርም። ይህን በባዶ እጅ ጠምጥሞ መጎተት በቢላዋ ላይ እጅን ጨምቆ እንደ መሳብ ነው፤ ሥጋውን ቆርጦ አጥንት ሊደርስ ይችላል። ከሁሉም የሚያሰጋው ግን ጥምጥሙ ሲጠብቅ ሊፈታ አለመቻሉ ነው፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው ነገር ወራጅ ውኃ የሚገፋው ግንድ ወይም የምትንሸራተት ጀልባ ቢሆን እጅ ከዚያ አይወጣም። የቆዳ ጓንት እጅን ከመፋቅ ይጠብቃል፤ የእንጨቱን ቦታ ግን አይተካም። እንጨት በማንኛውም ቅጽበት ሊለቀቅ ይችላል፤ እጅ ላይ የተጠመጠመ ክር አይለቀቅም።

የክሩ ዓይነት ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ናይለን ስለሚለጠጥ ለመበጠስ ረጅም መንገድ ወደ ኋላ መሄድ ይጠይቃል፤ ተመላሹም ኃይል ከፍተኛ ነው። ከተለጠጠ በኋላ የተወጠረው ክፍል ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው ጥንካሬው ላይመለስ ይችላል። ጉንጉን ክር ከሞላ ጎደል አይለጠጥም፤ ስለዚህ ጥቂት እርምጃ ይበቃዋል፣ የሚያምቀውም ጉልበት ያነሰ ነው፤ ይሁን እንጂ በስለታምነቱና በአንሸራታችነቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፍሎሮካርቦን የተባለው የፕላስቲክ ክር ከናይለን የከበደና በድንጋይ መፋቅን የተሻለ የሚቋቋም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በጫፍ ላይ ስለሚቀጠል ከዋናው ክር ጋር የተያያዘበት ቋጠሮ ምን ያህል እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ክሩ ሁልጊዜ ከመንጠቆው አጠገብ እንዲበጠስ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፤ ሥራው ግን የሚጀምረው ገና ሳይወረወር ነው። ወደ መንጠቆው የሚቀጠለው የጫፍ ክር ከዋናው ክር የሳሳ ይሁን። ዋናው ክር 10 ኪሎ ግራም የሚችል ከሆነና የጫፉ ክር 6 ወይም 7 ኪሎ ግራም የሚችል ከሆነ፣ በእንቅፋት ጊዜ የሚጠፋው መንጠቆውና አንድ ሜትር የማይሞላ ክር ይሆናል። ሁለቱም እኩል ጥንካሬ ካላቸው ግን የት እንደሚበጠስ የሚወስነው ዕድል ነው፤ ሃምሳ ሜትር ክር ውኃ ውስጥ ጥሎ መሄድም ይመጣል።

ድንጋያማ ወለል ላይ በከባድ እርሳስ ለሚያጠምድ ሰው ደግሞ የተሻለ ዘዴ አለ። እርሳሱን በቀጥታ ከማሰር ይልቅ ከሌላው ሁሉ በሳሳ አጭር ክር ያንጠልጥሉት። በድንጋይ መካከል ቶሎ የሚቀረቀረው እርሳሱ ስለሆነ፣ ሲጎተት ያቺ ቀጭን ክር ብቻ ትበጠስና መንጠቆውም፣ ተይዞ ከሆነ ዓሣውም ይተርፋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ይህ አሠራር በርቀት ለሚወረወር ከባድ እርሳስ አይሆንም፤ ቀጭኗ ክር በውርወራ ላይ ከተበጠሰች እርሳሱ ሰው ሊመታ ይችላል።

ጥንካሬ ባለው ጉንጉን ክር የሚያጠምዱ አንዳንድ ሰዎች ከቀጭን ሽቦ የተሠራ መንጠቆ የሚመርጡት ለዚሁ ጉዳይ ነው። በማያቋርጥ ስበት መንጠቆው ቀስ ብሎ ይቃናና ከእንጨቱ ይወጣል፤ ምንም ክር አይበጠስም። የተቃናውን መንጠቆ በፒንሳ መልሶ ማጉበጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ብረቱ በታጠፈበት ቦታ ስለሚደክም መለወጡ ይመረጣል።

ከመበጠስ ይልቅ ክሩን ዘንጉ ጫፍ ላይ ብቆርጠው አይቀልም?

ለዘንጉ ይቀላል፤ ለሌላው ሁሉ ግን ከምርጫዎች የመጨረሻው ይህ ነው። ዘንጉ ጫፍ ላይ መቁረጥ ከዚያ እስከ እንቅፋቱ ያለውን ክር ሁሉ ውኃ ውስጥ ትቶ መሄድ ነው፤ ያ ክር የሌሎች አጥማጆችን መንጠቆ ይይዛል፣ የውኃ ወፎችን እግርና ክንፍ ይተበትባል፣ በጀልባ ሞተር ማዞሪያ ላይም ይጠመጠማል። መቁረጥ የሚገባው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፦ እንቅፋቱ ድረስ ቀርቦ ከመንጠቆው ሥር መቁረጥ ሲቻል፣ ወይም መጎተቱ በግልጽ አደገኛ ሲሆን። ዳገት ጫፍ ላይ፣ በሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ ወይም ኃይለኛ ወራጅ ውኃ ውስጥ ቆሞ ክር ለመበጠስ መታገል ተገቢ አይደለም፤ እዚያ ላይ ሳያመነቱ ይቁረጡ።

ጀልባ ላይ ሆኜ ብያዝስ?

ጀልባ ያለው ሰው ትልቅ ዕድል አለው፦ እንቅፋቱን አልፎ ከማዶ በኩል መሳብ ይችላል፤ አብዛኛው መንጠቆ በዚህ ይላቀቃል። ወደ እንቅፋቱ ሲጠጉ የሚላላውን ክር እየጠቀለሉ ይሂዱ፤ ካልሆነ ወደ ሞተሩ ማዞሪያ ይገባል። በቀጥታ ከእንቅፋቱ በላይ ቆሞ ወደ ላይ መጎተት ግን አይመከርም፤ እርሳሱ ቢላቀቅ የሚመጣው ወደ ፊትዎ ነው።

መበጠስ የግድ ከሆነ ክሩን በጀልባዋ የገመድ ማሰሪያ ላይ ደጋግመው ጠምጥመው ጀልባዋ በዝግታ እንድትጎትተው ማድረግ ይቻላል። በትንሽ ጀልባ ወይም በታንኳ ላይ ይህ የሚደረገው ከፊት ወይም ከኋላ ጫፍ እንጂ ከጎን አይደለም፤ በጎን በኩል የታሰረ ክር በወራጅ ውኃ ላይ ጀልባዋን ሊገለብጣት ይችላል። ቆመው አይጎትቱ፤ ክሩ ሲበጠስ ሚዛን ይጠፋል። የሚቆርጥ ነገር ደግሞ ከእጅ አይራቅ።

መንጠቆው ዛፍ ላይ ወይም ሽቦ ላይ ቢሰቀልስ?

የዛፉ ጉዳይ ቀላል ነው። ማባበያው ቅርንጫፉን አልፎ ከተንጠለጠለ በቀስታ እያነቃነቁ ወደ ላይ ይጠቅልሉት፤ ከተሰካ ግን ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጎ በእጅ መፍታት ከመጎተት ይሻላል፣ ከዛፍ የሚላቀቅ ማባበያ በአየር ላይ ምንም ሳያግደው ስለሚመጣ።

የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሆነ ግን ምንም ነገር አይንኩ። ካርቦን ፋይበር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ እርጥብ ክርም እንዲሁ ሊያስተላልፍ ይችላል። ክሩ ሽቦ ላይ ሲያርፍ ዘንጉን ይልቀቁ፣ ይራቁ፣ ሌሎችንም ያርቁ፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ሰጪው ያሳውቁ። የትኛውም ዘንግ የዚህን ያህል ዋጋ የለውም።

ክሩ ከተበጠሰ በኋላ ምን መመርመር አለብኝ?

የተመለሰውን ክር ጫፍ ይመልከቱ። ጫፉ ተጠምዝዞ ከተሸበሸበ የተፈታው ወይም የተበጠሰው ቋጠሮው ነው፤ እንደተፈለገው ሆኗል ማለት ነው። ጫፉ ሻክሮና ተፍቆ ከተገኘ ግን ክሩ በድንጋይ ላይ ሲፋተግ ቆይቷል፤ ከዚያ በላይ ያለውም ተጎድቷል።

ከዚያም የመጨረሻዎቹን አምስት ስድስት ሜትሮች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጥፍር መካከል በቀስታ ያሳልፉ። ጤነኛ ናይለን እንደ ብርጭቆ ልሙጥ ሆኖ ያልፋል፤ የተፋቀበት ቦታ ላይ ጥፍሩ ቅንጣት ታህል ይያዛል፣ ብርሃን ላይ ሲታይም ነጣ ብሎ ይታያል። ያን ቦታና ከእርሱ በታች ያለውን ሁሉ ቆርጠው ይጣሉ። እንጨቱ ላይ ተጠምጥሞ የነበረውንም ክፍል እንዲሁ ይመርምሩት። አሥር ሜትር ክር ለመቁረጥ የሚሳሳ ሰው የሚቀጥለውን ትልቅ ዓሣ በዚያችው በተፋቀች ቦታ ያጣዋል። አዲስ ቋጠሮ ሲያስሩ ከማጥበቅዎ በፊት በውኃ ወይም በምራቅ ያርጥቡት፤ ደረቅ ክር ሲጠብቅ በሰበቃ ሙቀት ይደክማል።

የዘንጉን ቀለበቶች በጥጥ ይፈትሹ፦ ትንሽ ጥጥ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ሲሽከረከር ጭረቱ ከተያዘ የሴራሚክ ሽፋኑ ተሰንጥቋል፣ ክርም ሲፈጅ ይኖራል። ክሩ በከበሮው ላይ ሰርስሮ ገብቶ ከሆነ ካለፈው ውርወራ ርቀት በላይ ያውጡትና በጨርቅ ጫን እያደረጉ አጥብቀው መልሰው ይጠቅልሉት። በመጨረሻም ላልተው የነበረውን ፍሬን እንደገና ማስተካከል አይርሱ፤ ከመበጠስ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ ዓሣ ላይ ብዙ ሰው የሚያጠፋው ስሕተት ይህ ነው።

የተቆረጠውን ክር የት ልጣለው?

ውኃው ዳር አይጣል። ናይለንም ሆነ ጉንጉን ክር በቶሎ አይበሰብስም፤ ወፎች ለጎጆ መሥሪያ ይወስዱታል፣ ጫጩቶቻቸውም ይተበተቡበታል። የቆሻሻ መጣያ እስኪያገኙ ድረስ በትንሽ ከረጢት ይዘውት ይሂዱ፤ ቆሻሻ ውስጥ ከመጣልዎ በፊትም እንስሳ እንዳይጠልፍ ከእጅ ስንዝር ባነሰ ቁራጭ ይቆራርጡት።

ውኃ ውስጥ ስለሚቀረው እርሳስም ማሰብ ተገቢ ነው። እርሳስ መርዛማ ብረት ነው፤ ትናንሽ ፍሬዎቹን ከጠጠር ጋር የሚውጡ የውኃ ወፎች ይመረዛሉ። ብሪታንያ ባብዛኞቹ የእርሳስ ማስጠሚያ መጠኖች ላይ እ.ኤ.አ. በ1987 እገዳ የጣለችው በዚሁ ምክንያት፣ በተለይም ዳክዬ መሰል ትላልቅ ነጫጭ ወፎች በብዛት እየሞቱ ስለነበር ነው። መንጠቆ ቶሎ ቶሎ በሚያዝበት ድንጋያማ ቦታ የሚያጠምድ ሰው በብረት ወይም በተንግስተን የተሠራ ማስጠሚያ ቢጠቀም፣ ክሩ በተበጠሰ ቁጥር ከታች የሚቀረው ነገር ጉዳቱ ያነሰ ይሆናል።